«በከሩዎች በገነት»፤ ስለ ሰሜን ኔቫዳ ደጋ በረሃና ስለ ከብት አርቢዎቹ ቅርስ የተሰበሰበው ሥራ ሲመረመር

ስለ አንድ አገር ሰዎች ኑሮና ልማድ የተሰበሰበ ሥራ ሁለት ጊዜ ይመዘናል። መጀመሪያ ሰብሳቢዎቹ ምን አገኙ ተብሎ ይመረመራል፤ ቀጥሎም ካገኙት መካከል የትኛውን ከፊት አቆሙ፥ የትኛውንስ ወደ ጓዳ አስገቡ ተብሎ ይጠየቃል። ብዙውን ጊዜ አመስጋኙም ነቃፊውም በመጀመሪያው ሚዛን ብቻ መዝኖ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ ግን በአሜሪካ ምዕራብ፥ በኔቫዳ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፥ በአንድ የደጋ በረሃ ሸለቆ ስለሚኖሩ ከብት አርቢዎች የተሰበሰበውን ትልቅ ሥራ በሁለቱም ሚዛን ለመመዘን የታሰበ ነው።

የሥራው ታሪክ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። በዋሽንግተን ከተማ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥር በ1976 የተቋቋመው የአሜሪካ የሕዝብ ባህል ማዕከል ከ1978 እስከ 1982 ባለው ጊዜ ተመራማሪዎቹን ፓራዳይዝ ቫሊ ወደሚባል ስፍራ ላከ። የስፍራው ስም ሲተረጐም የገነት ሸለቆ ማለት ነው። በ1980 ሃዋርድ ማርሻልና ሪቻርድ አልቦርን «በከሩዎች በገነት፤ የካውቦይ ኑሮ በሰሜን ኔቫዳ» የሚል መጽሐፍ አወጡ። በዚያው ዓመት በስሚዝሶኒያን ሙዚየም በዚሁ ስም ኤግዚቢሽን ተከፍቶ እስከ 1981 ድረስ ለሕዝብ ታየ። በ1985 ደግሞ «ዘጠና ስድስት፤ በሰሜን ኔቫዳ ያለ የከብት ራንች» የሚል የተንቀሳቃሽ ሥዕል ዲስክ ተዘጋጀ። በመጨረሻም ክምችቱ በኢንተርኔት ለማንኛውም ሰው ሲከፈት 41 ተንቀሳቃሽ ፊልሞች፥ 28 የድምፅ ቅጂዎችና 2,400 ያህል ፎቶግራፎች ቀረቡ።

ሐሳባችንን ከመነሻው ለመግለጽ፥ ሰብሳቢዎቹ ያገኙት ነገር ከሰጡት ስም ይበልጣል እንላለን። ስሙ ፈረሰኛውን ከፊት ያቆማል። ክምችቱ ራሱ ግን በትዕግሥት ለሚመለከተው ሰው የዚያ አገር የኑሮ ምሰሶ ኮርቻው ሳይሆን ውሃውና ድርቆሹ መሆኑን ይመሰክራል። ይህም ስለ አርእስት አወጣጥ ብቻ የተነሣ ትንሽ ክርክር አይደለም። የአንድ አገር ቅርስ ምንድር ነው፥ የማንስ ነው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፥ መሬቱና ውሃው ለማን ይገባል ለሚለው ጥያቄ መንገድ የሚጠርግ ስለ ሆነ ነው።

፩፤ የአገሩ ጠባይ

በቋንቋችን ደጋና በረሃ እምብዛም የማይገናኙ ቃላት ናቸው። ደጋ ሲባል ብርድና ዝናብ፥ ገብስና በግ ይታሰበናል፤ በረሃ ሲባል ደግሞ ቆላው፥ ሙቀቱና ንዳዱ። በሰሜን ኔቫዳ ግን ሁለቱ በአንድ ስፍራ ተጋጥመዋል። የፓራዳይዝ ሸለቆ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በእኛ አገር ልማድ ይህ ከፍታ ከቆላ የሚመደብ ነው። ነገር ግን ስፍራው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ከ41 ዲግሪ በላይ ርቆ የሚገኝ በመሆኑ የብርዱ ወራት እጅግ የጸና ነው፤ በረዶው ምድሩን ይሸፍናል፥ ምንጩ ይረጋል፥ ከብቱም ግጦሽ ያጣል። በሸለቆው ምዕራብ በኩል የሳንታ ሮዛ ተራሮች ቆመዋል፤ ከፍተኛው ጫፋቸው ከ2,900 ሜትር በላይ ነው።

ምድሩን በረሃ ያደረገው ሙቀት ሳይሆን የዝናብ እጦት ነው። ከታላቁ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ በካሊፎርኒያ ያሉት የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ያግዱታል። ደመናው ሸክሙን በተራሮቹ ምዕራባዊ ገጽ ላይ አራግፎ ወደ ኔቫዳ የሚሻገረው ባዶውን ነው። ለሸለቆው ቅርብ በሆነችው በዊነመካ ከተማ በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ በውሃ ሲለካ 200 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም አዲስ አበባ ከምታገኘው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በሜዳው ላይ እስከ አድማስ የተዘረጋው ተክል ሴጅብራሽ የሚባል አመድማ ቁጥቋጦ ሲሆን፥ በዘሩ ከእኛ አገር አሪቲና ጭቁኝ ጋር ወገን ነው። ሽታው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከብት የሚጠግብበት አይደለም።

የወንዞቹም ጠባይ የተለየ ነው። አገሩ ታላቁ ተፋሰስ በሚባለው ምድር ውስጥ ስለ ሆነ ከዚያ የሚነሣ ወንዝ ወደ ባሕር አይደርስም። የእኛ አዋሽ በአፋር ምድር ሰጥሞ እንደሚቀር ሁሉ የሁምቦልት ወንዝም ኔቫዳን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ በጨዋማ ረባዳ ውስጥ ይጠፋል። የፓራዳይዝ ሸለቆን የሚያጠጣው ትንሹ ሁምቦልት ደግሞ ወደ ታላቁ የሚደርሰው ውሃ በበዛበት ዓመት ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ በዊነመካ ሰሜን ያለው የአሸዋ ኮረብታ ገትቶ ያስቀረዋል።

እንግዲህ በዚህ አገር የውሃ ጎተራ የተባለ ነገር ቢኖር ተራራው ነው። በብርዱ ወራት የተከመረው በረዶ በጸደይ ሲቀልጥ ማርቲን ክሪክን የመሳሰሉ ጅረቶች ለጥቂት ሳምንታት ሞልተው ይወርዳሉ። ያን ጊዜ በቦይ መርቶ በመስኩ ላይ ያሰራጨው ሰው በበጋ ሣር ያጭዳል፤ ያላሰራጨው ሰው ግን ውሃው አልፎት ይሄዳል። ለሸለቆው ገነት የሚል ስም ያሰጠው ከቁጥቋጦው ሜዳ መካከል ብቅ የሚለው ይህ የለመለመ መስክ ነው። ስለ አገሩ ሰዎች የሚነገረው ነገር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፤ ኤግዚቢሽኑ ግን በዚህ አልጀመረም።

፪፤ ስለ ፈረሰኛው የተሠራው መልካም ሥራ

ነቀፋ ከማቅረባችን በፊት ምስጋናውን መክፈል ይገባናል። ተመራማሪዎቹ የፈረሰኛውን ዕቃና ቋንቋ አጣምረው መዝግበዋል፤ ዕቃን ያለ ስሙ፥ ስምንም ያለ ተናጋሪው ድምፅ አላስቀሩም። ይህ ዓይነቱ ጥንቃቄ በብዙ ሙዚየሞች የሚታይ አይደለም።

«በከሩ» የሚለው ቃል ራሱ የታሪክ ምስክር ነው። ምንጩ የስፓኝ ቋንቋ ሲሆን «ቫኬሮ» ማለት የላም እረኛ ማለት ነው። የስፓኝ ተናጋሪ «ቫ»ን ወደ «ባ» አስጠግቶ ስለሚጠራት የእንግሊዝ ቋንቋ ተናጋሪዎች በሰሙት መሠረት «በከሩ» አሉት። በፈረስ ተቀምጦ ከብት የመጠበቅ ጥበብ ከስፓኝ ወደ ሜክሲኮ፥ ከሜክሲኮ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ከካሊፎርኒያ ወደ ኔቫዳና ወደ ኦሬገን በረሃ መውጣቱን ይህ አንድ ቃል ይነግረናል። ሌሎቹም ቃላት እንዲሁ ናቸው። ገና ያልተገራ ፈረስ የሚመራበት ብረት የሌለው ልጓም በስፓኝ «ሐኪማ» ይባል የነበረው በዚህ አገር «ሀካሞር» ሆኗል። ከፈረስ ፀጉር የተፈተለው «መካቴ» የተባለው ገመድ ደግሞ የአየርላንድ ሰው ስም መስሎ «መካርቲ» ተብሏል።

የዕቃውም አሠራር ምክንያት አለው። የኔቫዳ በከሩ በቀድሞው ልማድ የሚይዘው ከጠፍር የተጐነጐነ፥ 18 ሜትር ያህል የሚረዝም ገመድ ነው። የቴክሳስ ካውቦይ ገመዱን በኮርቻው ፊት ካለው ጉጥ ጋር አጥብቆ አስሮ ይወረውራል፤ በከሩ ግን አያስርም። ከብቱን ከያዘ በኋላ ገመዱን በጉጡ ላይ ይጠመጥመዋል፤ ሲያስፈልግም ያላላዋል። የጠፍር ገመድ ድንገተኛ ጉተታን አይችልምና እንዲንሸራተት ካልተደረገ ይበጠሳል። ፈረሱንም ሲገራ አይቸኩልም። በመጀመሪያ በሀካሞር፥ ቀጥሎ በሁለት ዛብ፥ በመጨረሻ በብረት ልጓም እያለማመደ ብዙ ዓመት ይወስዳል። ዓላማው ፈረሱ ለጣት ንክኪ ያህል እንዲታዘዝ ነው።

ይህን ሁሉ መጽሐፉ በግልጽ አስረድቷል፤ ኤግዚቢሽኑም አሳይቷል። ነቀፌታችንም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ኮርቻ በሙዚየም መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ልጓም በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የጠፍር ገመድ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያምራል። ቦይ ግን አይሰቀልም፤ የቀለጠ በረዶም በሣጥን አይገባም፤ የድርቆሽ ክምርም ከሙዚየሙ በር አያልፍም። ስለዚህ የሙዚየሙ ባሕርይ ራሱ ቅርስን መረጠ ማለት ነው። ሊታይ የሚችለው ነገር ዋና ነገር ሆነ፤ ሊታይ የማይችለው ከበስተጀርባ ቀረ። ተመልካቹም ከዋሽንግተን አዳራሽ ሲወጣ ይዞት የሄደው ሥዕል የፈረሰኛው ሥዕል ነው፤ ይህም ሥዕል አስቀድሞ በሲኒማ ያውቀው የነበረው ነው።

እዚህ ላይ አንድ መልስ ሊሰጠን ይችላል። የሕዝብን ባህል የሚመረምር ሰው ሕዝቡ ራሱ የሚያከብረውን መከተል አለበት፤ አርቢዎቹም የሚመኩት በኮርቻቸውና በፈረሳቸው እንጂ በአካፋቸው አይደለም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ትምክሕትም ሊመዘገብ የሚገባው ነገር ነው። ነገር ግን ሰው የሚመካበትና ሰው የሚኖርበት ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የተመራማሪው ሥራ ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥ፥ በመካከላቸው ያለውንም ርቀት መለካት ነው።

፫፤ ፊልሞቹ የሚመሰክሩት

የምርምሩ ማዕከል የሆነው የዘጠና ስድስት ራንች ነው። ስሙን ያገኘው በከብቶቹ ላይ ከሚተኰሰው ምልክት ነው። በ1864 የመሠረተው ከጀርመን አገር የመጣው ዊልያም ስቶክ ሲሆን፥ ተመራማሪዎቹ በደረሱበት ጊዜ ባለቤቱ የልጅ ልጁ ሌስሊ ስቱዋርት ነበር። ይህ ሰው ከተመራማሪዎቹ ብዙ ዓመት አስቀድሞ፥ ከ1945 እስከ 1965 ድረስ፥ የራንቹን ሥራ በራሱ የፊልም መቅረጫ ሲያነሣ ቆይቶ ነበር። በእኛ ግምት ከክምችቱ ሁሉ የሚበልጠው ዋጋ በእነዚህ ፊልሞች ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው የሚያስደንቀውን ያነሣል፤ የቤቱ ባለቤት ግን የሚያሳስበውን ያነሣል። በስቱዋርት ፊልሞች ውስጥ የከብቱ ሥራና የድርቆሹ ሥራ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ፈረሱም የሚታየው ኮርቻ ተጭኖ ብቻ ሳይሆን ማጨጃና መጐተቻ ተጠምዶ ነው።

የራንቹን ዓመት ብንቈጥረው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በጸደይ ጥጆች ይወለዳሉ፥ ይተኰሳሉ፤ በዚያው ጊዜ ውሃው በመስኩ ላይ ይሰራጫል። ከብቱ መጀመሪያ ወደ ቁጥቋጦው ሜዳ፥ በበጋም ወደ ሳንታ ሮዛ ተራራ ይወጣል። ከብቱ በተራራ ሳለ ሰዎቹ በሸለቆ ሣር ያጭዳሉ፥ ያደርቃሉ፥ ይከምራሉ። በመኸር ከብቱ ተሰብስቦ ይወርዳል፤ የሚሸጠው ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ምድሩ በበረዶ በተሸፈነባቸው ወራት በየቀኑ፥ እሑድም በዓልም ሳይባል፥ ድርቆሽ ተጭኖ ለከብቱ ይበተናል። አንዲት ላም በብርዱ ወራት ከአንድ ቶን በላይ ድርቆሽ ትበላለች። በከሩ በፈረሱ ላይ የሚያምርባቸው የጸደይና የመኸር ሳምንታት ከዓመቱ ጥቂቱን ክፍል ይይዛሉ፤ የቀረው የአካፋ፥ የማጨጃና የመንሽ ነው።

ሁልጊዜም እንዲህ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት አርቢዎቹ ከብቱን በሜዳ ለቀው ብርዱን በራሱ እንዲያልፍ ይተዉት ነበር። በ1889 መጨረሻና በ1890 መጀመሪያ የወረደው በረዶ ግን ያንን ልማድ አጠፋው። በኔቫዳ «ነጩ ክረምት» ተብሎ የሚታወሰው ያ የብርድ ወራት ስፍር ቍጥር የሌለው ከብት ፈጀ፤ አንዳንዱ አርቢም ከመንጋው አብዛኛውን አጥቶ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር ከብት አርቢ ማለት ድርቆሽ አብቃይ ማለት ሆነ። የከብቱን ቍጥር የሚወስነው የሜዳው ስፋት ሳይሆን የክምሩ ቁመት ነው።

ድርቆሽ መከመርም እንደ ፈረስ መግራት ሁሉ ጥበብ አለው። በዚያ አገር ከግንድ የተሠራ ተዳፋት መወጣጫ ይቆማል፤ ፈረሶች በገመድ እየጐተቱ ድርቆሹን ወደ ክምሩ ራስ ያወጡታል። በክምሩ ላይ የቆመው ሰው ጠርዙን አጥብቆ፥ መካከሉን አሳብጦ ካላስተካከለው በረዶውና ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባና ያሻግተዋል። ክምር ሠርቶ የሚያውቅ ባላገር ሁሉ ይህን ነገር ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ነገር ግን ስለ ጠፍር ገመድ አጐናጐን በጥንቃቄ የተጻፈውን ያህል ስለ ክምር አሠራር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የመጽሐፉ ንዑስ አርእስት «የካውቦይ ኑሮ» ተብሎ ባልቀረ ነበር።

የአርእስቶቹንም ለውጥ ልብ ማለት ይገባል። በ1980 የወጣው መጽሐፍ «የካውቦይ ኑሮ» አለ። የ1985ቱ ዲስክ ፈረሰኛውን ትቶ ራንቹን በስሙ ጠራ። በኢንተርኔት የተከፈተው ክምችት ደግሞ «በከሩዎች በገነት» የሚለውን ዋና ስም ሳይለቅ ንዑስ አርእስቱን «የራንች ባህል በሰሜን ኔቫዳ» ብሎ ለወጠ። ይህ ለውጥ በአዋጅ አልተነገረም፤ ግን የሰበሰቡት ነገር ራሱ ሰብሳቢዎቹን ቀስ በቀስ ወዴት እንደ መራቸው ያሳያል። ማርሻልም በ1995 ስለዚሁ ሸለቆ ሌላ መጽሐፍ ሲያወጣ በአርእስቱ ላይ በከሩ የሚባል ቃል አላኖረም፤ የጻፈው ስለ ፓራዳይዝ ቫሊ «ሰዎችና ሕንጻዎች» ነው። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከማንም ይልቅ የነቀፈው ይህ ሁለተኛው ነው።

፬፤ በኮርቻ ያልተቀመጡ ሰዎች

ሕንጻዎቹን የሚመረምር ሰው ወዲያው ከፈረሰኛው ሌላ ሰው ያገኛል። በሸለቆው ያሉትን መልካም የድንጋይ ቤቶችና ጎተራዎች የሠሩት ከሰሜን ኢጣልያ፥ በተለይም ከፒየሞንት፥ የመጡ ግንበኞች ናቸው። በዊነመካ የባቡር ሐዲዱ በ1868 ሲደርስ ቻይናውያን ሠራተኞች አብረው መጡ፤ ከእነርሱም በከተማው ሰፈር መሥርተው የቀሩ ነበሩ። ከፒሬኔ ተራሮች የወጡት ባስኮች ደግሞ በግ ጠባቂዎች ሆነው በበረሃው ተሠማሩ። ከብት አርቢውና በግ ጠባቂው በመንግሥት መሬት ግጦሽ ላይ ለረዥም ጊዜ ተጣልተዋል። በ1934 የወጣው የቴይለር የግጦሽ ሕግ ይህን መሬት በፈቃድ ሲያከፋፍል ቅድሚያ የሰጠው የራሱ መሬትና ውሃ ላለው አርቢ ነው፤ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወረው ባለ በግም ከሜዳው ወጣ። እዚህም ላይ የወሰነው ኮርቻ ሳይሆን ውሃና መስክ መሆኑን አንባቢው ያስተውላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሰሜን ፓዩት ሕዝብ ነበር። ፓዩቶች የሜዳውን የሣር ፍሬ እየለቀሙ፥ ዓሣና ጥንቸል እያደኑ በዚህ ምድር ኖረዋል። የአርቢዎቹ ከብት ሲመጣ የበላው ሣር የእነርሱ እህል ነበር። በ1865 በኩዊን ወንዝ አጠገብ የጦር ሰፈር ተሠራ፤ በዚያው ዓመት ፎርት መክደርሚት የተባለበትን ስሙን የሰጠው መኰንን በውጊያ ተገደለ። በ1866 ደግሞ በፓራዳይዝ ሸለቆ ውስጥ ካምፕ ዊንፊልድ ስኮት ተቋቁሞ እስከ 1871 ቆየ። ገነት የተባለው ሸለቆ ራንች ሊሆን የቻለው በእነዚህ ወታደሮች ጥላ ሥር ነው። የፎርት መክደርሚት የጦር ሰፈር በ1889 ሲዘጋ መሬቱ ለፓዩቶች መኖሪያ ዋለ። ከዚያም ብዙዎች በየራንቹ በአጫጅነትና በበከሩነት ተቀጥረው ሠርተዋል።

በመክደርሚት አስተርጓሚ ሆና የሠራችው ሣራ ዊነመካ በ1883 ስለ ወገኖቿ ኑሮና መከራ መጽሐፍ አሳትማለች። ኔቫዳ በ2005 በዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ሕንጻ ሐውልቷን አቁማላታለች። ስለዚህ የፓዩቶች ቃል አልተገኘም ማለት አይቻልም፤ ቃላቸው በጽሑፍ ከተሠራጨ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር ተመራማሪዎቹ ወደ ሸለቆው የደረሱት።

ክምችቱ ፓዩቶችን ጨርሶ አልረሳም፤ በከሩ የሆኑ ፓዩቶች በውስጡ ይገኛሉ። ጥፋቱ ከዚህ የረቀቀ ነው። ታሪኩ በፈረሰኛው ዙሪያ ሲደራጅ ፓዩቱ ወደ ታሪኩ የሚገባው ኮርቻ ላይ በወጣ ጊዜ ብቻ ነው። ገመድ አወራወሩ ይደነቅለታል፤ ከ1864 አስቀድሞ በዚያ ውሃ አጠገብ መኖሩ ግን የሚገባበት ክፍል አያገኝም። ታሪኩ በውሃውና በመስኩ ዙሪያ ቢደራጅ ኖሮ ፓዩቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ይቆም ነበር፤ ጣልያኑ ግንበኛ፥ ባስኩ በግ ጠባቂ፥ አጫጁና ቦይ ቆፋሪውም እያንዳንዳቸው ስፍራቸውን ባገኙ ነበር። አርቢውም ቢሆን ክብሩ አይጐድልበትም፤ እንዲያውም ከሲኒማ ጥላነት ወጥቶ ምድሩን ያለማ ሰው ሆኖ ይታይ ነበር።

፭፤ ነገሩ ስለ ምን ያስጨንቃል

አንባቢው ይህ ሁሉ ስለ አንድ ኤግዚቢሽን የሚባል ነውን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በኔቫዳ ሕግ ውስጥ ይገኛል። በዚያ አገር የውሃ መብት የሚሰጠው በጊዜ ለቀደመ ነው፤ ውሃውን አስቀድሞ ለጥቅም ያዋለ ሰው በድርቅ ዓመት ሙሉ ድርሻውን ሲወስድ ከኋላ የመጣው ምንም ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ አንድ አርቢ አያቴ በዚህ ዓመት ሰፈረ ሲል ትምክሕት ብቻ አይደለም፤ የውሃ ተራውን መጥራቱ ነው። በዚህ አገር ታሪክና ንብረት በአንድ መዝገብ ይጻፋሉ፤ የማን ታሪክ አስቀድሞ እንደሚነገር የሚወስን ሰውም ሳያስበው በዚያ መዝገብ ላይ እጁን ያሳርፋል።

ሁለተኛው ምክንያት የመሬቱ ነው። ከኔቫዳ መሬት 80 በመቶ ያህሉ የፌዴራል መንግሥት ነው። ተመራማሪዎቹ በሸለቆው ሳሉ፥ በ1979፥ የኔቫዳ ምክር ቤት ብዙውን የፌዴራል መሬት ለግዛቱ ይገባል የሚል ሕግ አወጣ፤ ይህም «የሴጅብራሽ ዓመፅ» ለተባለው እንቅስቃሴ መነሻ ሆነ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማንም የማያዘው፥ በሰፊው ሜዳ ብቻውን የሚጋልብ ሰው ሥዕል ባዶ ጌጥ ሊሆን አይችልም። እውነተኛው አርቢ ግን ብቻውን አልነበረም፤ በመንግሥት ተራራ ላይ በፈቃድ ያሰማራል፥ ከጎረቤቱ ጋር ውሃ በተራ ይካፈላል፥ በአጫጆቹ ክንድ ይኖራል። የፈረሰኛው ሥዕል ይህን መደጋገፍ ይሸፍናል፤ የድርቆሹ ፊልም ግን ይገልጠዋል።

ሦስተኛው ማስረጃ በቅርብ ዘመን የተፈጸመ ነው። ከሸለቆው በስተ ምዕራብ፥ ከሳንታ ሮዛ ተራሮች ማዶ፥ ፓዩቶች ፒሂ ሙሁህ የሚሉት ታከር ፓስ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ ለኤሌክትሪክ ባትሪ የሚያገለግል ሊቲየም እንዲወጣ መንግሥት በጥር 2021 ፈቀደ። በቀጣዩ ወር አንድ የአካባቢው ከብት አርቢ ፈቃዱን በመቃወም ክስ መሠረተ፤ በዚያው ዓመት የፓዩት ወገኖች ተከተሉት። አርቢው በፍርድ ቤት የተሟገተው ስለ ኮርቻው አልነበረም፤ ስለ ከርሰ ምድር ውሃና ስለ ምንጮች ነበር። ፓዩቶቹም በ1865 በፈረሰኛ ጦር ስለ ተገደሉት አባቶቻቸውና ስለ ምድሪቱ ቅድስና ተናገሩ። ከነባሩ ሕዝብ መካከል ከማዕድኑ ኩባንያ ጋር ስምምነት የፈረሙም ነበሩ፤ ነገሩ በአንድ ቃል የሚጠቃለል አይደለም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2023 ለፈቃዱ ፈረደ፤ ግንባታውም በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር።

ቅርሱ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ቢሆን ፍርዱ ይለወጥ ነበር ብለን አንከራከርም፤ ፍርድ ቤት በሕግ እንጂ በኤግዚቢሽን አይፈርድም። ነገር ግን አደጋ በመጣ ጊዜ አርቢውና ፓዩቱ ሁለቱም የጠሩት ነገር ምን እንደ ነበር ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ውሃውንና ምድሩን ጠሩ። የበረሃው እውነተኛ ቅርስ ያ መሆኑን ራሳቸው በችግራቸው ቀን መሰከሩ። ከአርባ ዓመት በፊት በዋሽንግተን የታየው ኤግዚቢሽን ግን ሁለቱን በአንድ ውሃ ዙሪያ ሊያገናኛቸው ሲችል በኮርቻው ለያያቸው።

ሲጠቃለል፥ ይህ ሥራ ከታላላቆቹ የሕዝብ ባህል ስብስቦች መካከል የሚቈጠር ነው። የሰዎቹን ቃል በድምፃቸው ማቆየቱ፥ የአርቢውን የራሱን ፊልም ከምሁራኑ ፊልም ጋር እኩል ማስቀመጡ፥ ሁሉንም ያለ ዋጋ ለሕዝብ መክፈቱ የሚመሰገን ነው። ያነሣነውንም ነቀፌታ ልናረጋግጥ የቻልነው ሰብሳቢዎቹ ማስረጃውን ሳይጥሉ ስላቆዩልን ነው። የከፋ ሰብሳቢ ከስሙ ጋር የማይስማማውን ይጥላል፤ እነዚህ ግን ጠበቁት። ስለዚህ ክምችቱን ለመመልከት የሚነሣ ተማሪ አርእስቱን ለጊዜው ይለፈው፤ ከብት ሲተኰስ ከሚያሳየው ፊልም አስቀድሞም ድርቆሽ ሲከመር የሚያሳየውን ይክፈት። ከዚያ በኋላ ወደ ፈረሰኛው ቢመለስ ሰውየው ከፈረሱ ወርዶ በመስኩ መካከል ሲቆም ያየዋል፤ ውሃው ከየት እንደ መጣ፥ ከእርሱም በፊት ማን ይጠጣው እንደ ነበር ለመጠየቅ ይበቃል።